ጠያቂ፦ የታሰረ ሰው ላላቸው ቤተሰቦች

(መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

   ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ቤት ውስጥ ድምፅ ተቀንሶ፣ በጓዳ የሚወራ ነው። ባል፣ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ሲታሰር ቤት የቀረው ሰው ወዴት ይሄዳል? ማንንስ ይጠይቃል?

በእኛ ቋንቋ የታሰረን ሰው ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል። ያው ቃል ደግሞ ጥያቄ ማቅረብም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ስንቅ ቋጥረን፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን፣ ፊቱን ለጥቂት ደቂቃ ዐይተን እንመለሳለን። ሁለተኛውን ግን እንፈራዋለን። «ብጠይቅ ይብስበት ይሆን?» እንላለን። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ በሁለቱም ፍቺ ጠያቂ እንድትሆኑ ነው።

ይህን የምላችሁ የሕግ መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ በጠብ መሐል ሰው አቁስሎ ታስሮ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ ነበር፤ አልሸሽገውም። ያጠፋ ሰውም ግን እናት አለችው። እናቴ በማግስቱ ምሳውን በፎጣ ቋጥራ ሦስት ጣቢያ ዞረች። ሁለተኛው ጣቢያ በር ላይ «እዚህ የለም» ተብላ ተመለሰች። እዚያው ነበረ፤ የአባቱ ስም ተሳስቶ ስለ ተመዘገበ ነው ያላገኙት። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ሄደች፤ ምግቡን ተቀብለው አስገቡላት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ባዶውን ወጣ። እናቴ ያንን ባዶ ሳህን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነው ቤት የገባችው። ልጇ በሕይወት እንዳለ የነገራት እርሱ ነበር።

እንግዲህ ከዚያው ልጀምር። ሰው ጠፋባችሁ፣ ተይዟል ተባላችሁ እንበል። ጣቢያ ስትሄዱ ስሙን እስከ አያቱ ተናገሩ፤ ስሙ በተለያየ መንገድ ሊጻፍ የሚችል ከሆነም ይህንኑ አስረዱ። መታወቂያችሁን ያዙ። ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ የደነገጠ ሰው ግማሹን አይሰማምና አንዱ ይናገር፣ አንዱ ያዳምጥ። «የለም» ከተባላችሁ «መዝገቡን ቢያዩልኝ» በሉ። ቦታው ያ እንዳልሆነ ካረጋገጣችሁ ደግሞ የያዘው የየትኛው ክፍል ፖሊስ እንደሆነ ጠይቁ፤ የወረዳ፣ የክፍለ ከተማ፣ የክልል ወይም የፌዴራል ፖሊስ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ደብተር ግዙ። አዎ፣ ተራ የተማሪ ደብተር። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውን ስም፣ የመርማሪውን ስም፣ ማን ምን እንዳላችሁ በዚያው ቀን ጻፉበት። ከሁለት ወር በኋላ ጠበቃ «መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቀረበው መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «እንጃ፣ ማክሰኞ መሰለኝ» ከማለት ያድናችኋል።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገ ብትሉኝ፣ ሕጉ ራሱ በሰዓት ስለሚቆጥር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው፤ እንዲያምን መገደድ የለበትም። በተባለው ጊዜ ፍርድ ቤት ካላቀረቡት ራሱን ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። አቤቱታው «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል። ቃሉን ያዙት። ታሳሪው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ በመሐላ ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ብዙ ቤተሰብን የሚያደናግረው «የጊዜ ቀጠሮ» ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚለው ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊፈቅድ የሚችለው ከ14 ቀን የማይበልጥ ነው። ልዩ ሕግ በሚመለከታቸው ወንጀሎች ግን የተለየ ድንጋጌ ሊኖር ይችላል። ቀጠሮው ሊደጋገም ስለሚችል ቤተሰብ «14 ቀን ሲሞላው ይፈታል» ብሎ ድግስ እንዳያስብ። ችሎቱ ላይ ግን ተገኙ። ዳኛው ፊት የቤተሰብ ሰው መቀመጡ ለታሳሪው ትልቅ ብርታት ነው። ከችሎት ስትወጡ ሁለት ነገር በደብተራችሁ ላይ ይስፈር፤ የመዝገብ ቁጥሩና የሚቀጥለው ቀጠሮ። የመዝገብ ቁጥር የሌለው ቤተሰብ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ እንደ ባዕድ ይንከራተታል። ቁጥሩን የያዘ ግን ሬጅስትራር ቢሮ ገብቶ ጉዳዩ የደረሰበትን ጠይቆ ይወጣል።

ዋስትናን በተመለከተ መርሑ የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው የሚል ነው፤ ክልከላው በሕግ በተለዩ ሁኔታዎች ነው። ለምሳሌ ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ የተጎዳው ሰው ሊሞት የሚችልበት ዕድል ካለ ዋስትና አይፈቀድም። ከተፈታ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመንም ፍርድ ቤቱ ሊከለክል ይችላል። የወንድሜ ዋስትና የተከለከለው ቁስለኛው ገና ሆስፒታል ስለነበር ነው። በጊዜው በጣም ተናደን ነበር። የሌላውንም እናት እንዳስብ ያደረገኝ ግን ያ ቀን ነው፤ እርሷም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እየጠየቀች ነበራ። ፍርድ ቤት ዋስትና ሲከለክል በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ዋስትና ከተፈቀደ መያዣው በጥሬ ገንዘብ፣ በደመወዝ ወይም በንብረት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ስታስይዙ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ እዩ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚፈለገው በስሙ የተቆረጠለት ሰው ነው። ጎረቤት በደመወዙ ዋስ ሲሆን ደግሞ ምን ላይ እንደፈረመ በግልጽ ንገሩት። ታሳሪው ከቀጠሮ ከቀረ ዋሱ ይከፍላል። ስንት የዕድር ወዳጅነት በዚህ ምክንያት ፈርሷል!

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። ቤተሰብ ሲጨነቅ የሚያሸቱ ሰዎች አሉ። «እገሌን አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል አምጡና ነገ አስፈታዋለሁ» ይላሉ። ወይም ስልክ ይደውላሉ፤ «ልጃችሁ እኛ ጋ ነው፣ አሁኑኑ ገንዘብ አስገቡ» ይላሉ። እናቶች ወርቃቸውን አውልቀው የሰጡበትን ጉዳይ ዐውቃለሁ፤ ልጁም አልተፈታም፣ ወርቁም አልተመለሰም። ጉቦ መስጠትም እንደ መቀበሉ ወንጀል ነው። በመንግሥት ቢሮ የሚከፈል ሕጋዊ ክፍያ ሁሉ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለውን አትክፈሉ።

ለጠበቃ ገንዘብ የሌለው ምን ያድርግ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ይህ «ተከላካይ ጠበቃ» ይባላል፤ ተከሳሹ ራሱ ችሎት ላይ «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አፍሮ ዝም እንዳይል አስቀድማችሁ ንገሩት። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ስንቅ እንምጣ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳምንታችሁን የሚበላው ግን እርሱ ነው።

በር ላይ ፍተሻ አለ። ወጡ በማንኪያ ይማሰላል፣ እንጀራው ይዘረጋል፣ ዳቦው ይቆረሳል። ያመጣው ሰው ቅመስ የሚባልበትም ጊዜ አለ። ይህን እንደ ስድብ አትቁጠሩት። ምግቡን በግልጥ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉት፤ ጠርሙስና ቆርቆሮ ይቅር። በዕቃው ላይ የታሳሪውን ሙሉ ስም ጻፉ። ወጡን ወፈር አድርጋችሁ ሥሩ፣ ለፍተሻም ለጉዞም ይመቻል። የሚያድር ነገር ላኩ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በአንድ ሰው ልክ ብቻ አትላኩ፤ እዚያ ውስጥ ጠያቂ የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አለ፤ ከአንድ ሳህን አብሮ ይበላል። ወንድሜ ከወጣ በኋላ እንደነገረኝ እናቴ የምትልከውን ሽሮ አራት ሆነው ነበር የሚበሉት።

ስልክ፣ ስለት ያለው ነገር፣ ያልተፈቀደ ገንዘብ በልብስ መሐል ወይም በምግብ ውስጥ አትደብቁ። የሚቀጣው እናንተ ብቻ አትሆኑም፤ እርሱም ነው። ገንዘብ ለማስገባት ሕጋዊው መንገድ ምን እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ። የጥየቃ ቀንና ሰዓት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቃሊቲ የሠራ ዝዋይ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይሠራ ይችላል። ከሩቅ የምትመጡ ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ፤ ታራሚ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሊዛወር ስለሚችል የአሥር ሰዓት መንገድ ተጉዞ «ተዛውሯል» መባል አለ።

ጥየቃ ደግሞ የአንድ ሰው ዕዳ አይሁን። ሚስት ብቻዋን፣ እናት ብቻዋን ስትመላለስ በሦስተኛው ወር ትወድቃለች። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ተራ አውጡ። ሰኞ አክስት፣ ረቡዕ ጓደኛ፣ እሑድ ወንድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘትና የመጠየቅ መብት ሲሰጥ ጓደኞችን ጭምር ነው የጠቀሰው።

ሕመም ያለበት ሰው ከታሰረ አትዘግዩ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፤ እነዚህ ቀን አይሰጡም። የሐኪም ማስረጃውን ኮፒ አድርጉ፤ መድኃኒቱን ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ለእስር ቤቱ ክሊኒክ አስረክቡ። የችሎት ቀጠሮ ካለም ታሳሪው ወይም ጠበቃው ለዳኛው ያመልክት፤ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ይከበራል፣ በቃል የተባለ ይረሳል። ማንን እንዳነጋገራችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ስለ ታሳሪው ሥራ የማወጋችሁን ግን እባካችሁ ለማያውቅ ንገሩ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ታስሮ ቤተሰቡ አፍሮ ዝም ይላል። «ታመመ» ይላል፣ «አገር ቤት ሄደ» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን እስራቱ ከ30 ቀን ካልበለጠና አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው ወይም ማወቁ የሚገመት ከሆነ የሥራ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይፈርስም ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ በሦስት ሳምንት የተፈታ ሰው ቤተሰቡ ስለደበቀለት ብቻ ሥራውን ሊያጣ ነው። ደብዳቤ ጻፉ፣ በሁለት ቅጂ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርምና ቀን ይጻፍበት።

በዚያው ዕድሩንም አትርሱ። የወር መዋጮው ከተቋረጠ ስሙ ሊሰረዝ ይችላል፤ ለዕድሩ ዳኛ ወይም ለጸሐፊው ንገሩ። ዕቁብ ካለበት እንዲሁ። የኮንዶሚኒየም ዕዳ ካለ ባንኩ እስኪያስጠነቅቅ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ለሽያጭ፣ ለባንክ፣ ለኪራይ ፊርማው የሚያስፈልግ ከሆነ ታሳሪው ውክልና መስጠት ይችላል። ሰነድ አረጋጋጩ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወደ ማረሚያ ቤት ይልክ እንደሆነ በማመልከቻ ጠይቁ። ግን ማንን እንደሚወክል ይጠንቀቅ፤ በጭንቀት ቀን የተሰጠ ሙሉ ውክልና ቤት አስሸጧል። ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ልዩ ውክልና ይበልጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

ልጆቹስ? «አባታችሁ ዱባይ ሄዷል» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። የሚባለው በፍቅር ነው። ነገር ግን ልጅ ሰፈር ይጫወታል፤ አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ «አባትህ እስር ቤት ነው» ይለዋል። ያን ጊዜ ልጁ የሚያጣው ሁለት ነገር ነው፤ አባቱን፣ ደግሞም እናቱን ማመን። በዕድሜው ልክ እውነቱን ንገሩት። ለስድስት ዓመት ልጅ «አባትህ ሰው ጎድቷል ተብሎ ታስሯል፣ ዳኛ እያየው ነው፣ ይወድሃል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ይበቃል። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ልጆች በራሳቸው ላይ ጥፋት ይፈልጋሉ። ለማስጠየቅ ከወሰናችሁ ግን ፍተሻ እንዳለ፣ አባቱን በአጥር ማዶ ሊያየው እንደሚችል፣ ጊዜው አጭር እንደሆነ ቀድማችሁ አስረዱት። የትምህርት ቤት ደብተሩን፣ የሣለውን ሥዕል ይዞ ይሂድ። ለእስረኛ አባት የልጁ የፈተና ወረቀት ከምግብ ይልቃል።

ከዚህ የሚከብደው መርዶ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ለታሰረው እንዴት ይነገራል? በባህላችን መርዶ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እስር ቤት በር ላይ ንጋትም ሽማግሌም የለም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ይደብቃል። እኛም ደበቅን። አያታችን ስታርፍ ወንድሜ ውስጥ ነበር፤ እናቴ ጥቁር ለብሳ ሄዳ በሩ ላይ ነጠላዋን አዟዙራ ለበሰች፣ እንዳያውቅ። ለሰባት ወር ያህል «አያቴስ?» ሲል «ደኅና ናት፣ ጉልበቷ ነው» ተባለ። ሲያውቅ ያለቀሰው ለአያታችን ብቻ አልነበረም። «እናንተ ሁላችሁ ስታለቅሱ እኔ እየሳቅሁ ነበር» አለን። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል።

አሁን ቢጠይቁኝ ንገሩት እላለሁ፤ በአግባቡ። አስቀድማችሁ የማረሚያ ቤቱን አስተዳደር አነጋግሩ። የሃይማኖት አባት ወይም እዚያው ያሉ አብረውት የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች ከጎኑ እንዲሆኑ ጠይቁ፤ እስረኞች እርስ በርስ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ያጽናናሉ። የጥየቃው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነግራችሁ አትሂዱ። ማልዳችሁ ሂዱ። በማግስቱም ሌላ ሰው ይሂድ። ለቀብር የመውጣት ፈቃድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ባይፈቀድም ቤተሰቡ ጠይቆለት እንደነበር ማወቁ ራሱ ማጽናኛ ነው።

ወደ ፍርዱ ልለፍ። ቅጣት ከተወሰነ በኋላ ቀን መቁጠር ይጀመራል። ይግባኝ ለማለት ማሰባችሁን ውሳኔው በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ግልባጩን በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ላይ የሚታሰብ ስለሆነ የተያዘበት ቀን በትክክል መጻፉን እዩ። የደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ እንደገና የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ሦስት ቃላት በየቤቱ ይደባለቃሉ፤ አመክሮ፣ ይቅርታ፣ ምሕረት። አመክሮ የሚሰጠው በፍርድ ቤት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ሲጨርስ፣ ጠባዩ መታረሙን ካሳየና ያደረሰውን ጉዳት በሚችለው መጠን ከካሰ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ስድስት ሲሞላው ማለት ነው። «ይችላል» ነው እንጂ «ይፈታል» አይደለም። ሲወጣም በሁኔታዎች ታስሮ ነው፤ ካፈረሰ ይመለሳል። ይቅርታ ከአስፈጻሚው ነው የሚመጣው። በፌዴራል ጉዳይ ፕሬዚዳንቱ የሚሰጡት ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት በይቅርታ ቦርድ በኩል ያልፋል፤ ማመልከቻውን ታራሚው ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃውም ሊያቀርቡት ይችላሉ። በክልል ፍርድ ቤት የተፈረደበት ደግሞ ወደ ክልሉ ያመለክታል። ምሕረት በሕግ የሚሰጥ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1096 እንዳደረገው። ስለዚህ በዘመን መለወጫ ሰሞን «ይቅርታ ሊወጣ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ የእኛ ጉዳይ የትኛው ነው፣ የትኛው መስፈርት ይመለከተናል ብላችሁ አጣሩ። በየዓመቱ በወሬ ተስፋ አድርጎ በየዓመቱ የሚሰበር ታራሚ አለ።

ከሦስቱም በፊት የሚመጣ አንድ ሥራ አለ፤ እርቅ። የተበዳይ ቤተሰብ ጋ ሽማግሌ መላክ ከባድ ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። በአራተኛው የቁስለኛው አጎት በሩን ከፈተ። ካሳ ተከፈለ፤ እርቁም በጽሑፍ ሆነ፣ ምስክሮች ፈረሙበት። ጽሑፉ ያስፈልጋል፤ ለአመክሮም ለይቅርታም ሲመዘን ይታያል። ወረቀቱ ግን ከእርቁ በፊት መምጣት የለበትም። ወረቀት ፈልጎ ብቻ የመጣን ሽማግሌ ተበዳይ ያውቀዋል፤ ያዝናልም።

ከአገር ውጭ የታሰረ ያላችሁም ትሰሙኛላችሁ። ልጃችሁ ሳዑዲ፣ ሊባኖስ ወይም ሌላ ቦታ ከሆነች ሙሉ ስሟን ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥሯን፣ የመጨረሻ ጊዜ የደወለችበትን ቀንና ከተማ ይዛችሁ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና እዚያ ላለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አመልክቱ። የታሰረ የውጭ ዜጋ ከአገሩ ቆንስላ ጋር እንዲገናኝ መጠየቅ በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ ነው። ልጃችሁ ከደወለች «ቆንስላ ይጠራልኝ» እንድትል ንገሯት።

በደል ካለ፣ ድብደባ ካለ፣ ሕክምና ከተከለከለ ወዴት? መጀመሪያ በጽሑፍ ለተቋሙ ኃላፊ። ችሎት ላይ ለዳኛው። ከዚያም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፤ በክልሎችም ቅርንጫፍ አለው፣ እስር ቤቶችን ይጎበኛል። አቤቱታችሁ ያያችሁትን ከሰማችሁት ይለይ። «ደበደቡት» ከማለት «እሑድ ጠዋት ስጠይቀው ግራ ዐይኑ አብጦ ነበር» ማለት ይጠነክራል።

የመፈቻው ቀን ሲደርስ ወረቀት ይሰጠዋል። ያንን ወረቀት ሦስት አራት ኮፒ አድርጉ፤ ለሥራም፣ ለመታወቂያ እድሳትም፣ በስሕተት ዳግመኛ ቢያዝም ይጠየቃል። ውስጥ የተማረው ትምህርት ወይም ሙያ ካለ ማስረጃውን ይዞ ይውጣ፤ ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ኮምፒውተር የሚማሩ አሉ። በአመክሮ ከወጣ የት ሪፖርት እንደሚያደርግ በዚያው ቀን ጠይቁ። ድግሱ ግን ይቆየው። መቶ ሰው እልል ብሎ ሲቀበለው ብዙ የተፈታ ሰው ይደነግጣል።

ወንድሜ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት በሁለት ዓመቱ በአመክሮ ወጣ። በመጀመሪያው ሌሊት አልጋው ላይ አልተኛም፤ መሬት ላይ አንጥፎ ተጋደመ። መብራት ስናጠፋ ደግሞ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ አምፖል ስለሚበራ በጨለማ መተኛት ረስቶ ነበር። ማናችንም ምንም አላልንም። እናቴ የሳሎኑን መብራት ከአንድ ወር በላይ ሳታጠፋ አደረች፤ አንድ ቀን ማታ እርሱ ራሱ ተነሥቶ አጠፋው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ ስም መጥቀስ አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዝግጅት ከሕግ ባለሙያ ጋር ሆነን እንመልሳለን። 

(መለያ ሙዚቃ)